የሙከራ ጨዋታና የልጆች አስተዳደግ

ዘመን ተለውጦ መስከረም ሲጠባ፣ ትምህርት ቤቶች ለመከፈት፣ የእግር ኳስ ማኅበሮችም የዓመቱን ውድድር ለመዠመር ይሰናዳሉ። በዚህ ጊዜ በየሜዳው አስቀድሞ የሚታይ አንድ ዐይነት ጨዋታ አለ፤ ይኸውም የሙከራ ጨዋታ ይባላል። ይህ ጨዋታ ዋንጫ እንኳ ቢኖረው ነጥቡ ከዓመቱ ውድድር አይደመርም፤ የተሸነፈው ከደረጃው አይወርድም፤ ያሸነፈውም በዚሁ ብቻ የአገር ሻምፒዮን አይባልም። በከተማችንም የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫ የተባለው ውድድር፣ ፕሪሚየር ሊጉ ከመከፈቱ በፊት የከተማው ቡድኖች ከተጋባዦች ጋራ እየተገናኙ ኀይላቸውን የሚመዝኑበት ሆኖ ቆይቷል።

የኳስ ነገር በቤተሰብ ገጽ መጻፉ ለምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በገዛ ቤቴ ከደረሰ ነገር የተነሣ ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ስለ ሆነ፣ ሌላው ወላጅ እንዲጠነቀቅበት ብገልጸው ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ባለፈው ጳጉሜን የ12 ዓመት ልጄ የሚሰለፍበት የልጆች ቡድን፣ ከሦስት ሌሎች ቡድኖች ጋራ በአራት ኪሎ አጠገብ ባለ ሜዳ ለሙከራ ተገናኘ። ከሦስቱ ሁለቱ በከተማችን የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ልጆች የተሰለፉባቸው ነበሩ። ልጄ ዘወትር የሚጫወተው በፊት መስመር ነው፤ ግብ ማግባትም ይሆንለታል። በዚያን ቀን ግን አሠልጣኙ ወደ ኋላ መልሶ ተከላካይ አደረገው። ዝናሙ ሌሊቱን ሲወርድ ስላደረ ሜዳው ጭቃ ነበር። ልጁም በማያውቀው ስፍራ ቆሞ፣ እየተንሸራተተ፣ ሁለት ጊዜ ኳስ ተነጠቀ፤ ሁለቱም ግብ ሆኑ። በመጨረሻ ቡድኑ 4 ለ 0 ተሸነፈ።

እኔም በእንግዶቹ ፊት የተዋረድሁ መሰለኝ። አጠገቤ የነበሩት የውጭ አገር ወላጆች ላሸነፉትም ለተሸነፉትም ልጆች ሲያጨበጭቡ፣ እኔ እጄን አጣምሬ ቆምሁ። ወደ ቤታችን ስንመለስ ከሚያዝያ 27 ሐውልት እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገርሁም። ከዚያ በኋላ ግን «በሰው ፊት አሳፈርኸኝ! እንዲህ ከሆነ ኳሱ ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ተቈጣሁት። ልጁ የጫማውን ጭቃ እየተመለከተ «አባባ፣ የዛሬው ለሙከራ ነው ብለውን ነበር እኮ» አለኝ። እኔም «ሽንፈት ሙከራ የለውም» ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ቃሌ ምን እንደ ሠራ ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አሠልጣኙ ከልምምድ በኋላ ወደ እኔ መጥቶ «ጌታዬ፣ ልጅዎ ኳስ መሸሽ ዠምሯል። ኳሱ ወደርሱ ሲመጣ ከሌላው ልጅ ጀርባ ይሸሸጋል። የሚሳሳተውን ልጅ ማቅናት እችላለሁ፤ መሳሳት የሚፈራውን ግን እንዴት አድርጌ አቀናዋለሁ?» አለኝ። በዚያን ቀን ወደ ኋላ የመለሰበትንም ምክንያት ሲያስረዳኝ፣ ከፊት ሆኖ የሚያጠቃ ልጅ የተከላካይን ችግር አንድ ጊዜ ቢቀምሰው አጨዋወቱ ይበስላል፤ ይህንም ለማስተማር ነጥቡ ከማይቈጠር ጨዋታ የተሻለ ጊዜ አይገኝም አለ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ፣ ከእንግዳ ጋራ ገጥሞ መሸነፍ በእውነት ውርደት እንደ ሆነ መመርመር ዠመርሁ። ከገዛ ሰፈራችን ብንነሣ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ የስፖርት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ተመሠረተ። በጠላት ወረራ ዘመን ኢትዮጵያውያን ከውጭ አገር ሰዎች ተለይተው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ የማኅበሩም ስም ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. አምስት ቡድኖች በአዲስ አበባ ለውድድር ተሰለፉ፤ እነርሱም የኢትዮጵያውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖች ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዘር ተለያይተው ይጫወቱ የነበሩት፣ አሁን በአንድ ሜዳና በአንድ ሕግ ተገናኙ። ያን ጊዜ ያሸነፈው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የአገሩን ሻምፒዮንነት ለመዠመሪያ ጊዜ ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ግን በኢትዮጵያ ከማናቸውም ቡድን ይልቅ ብዙ ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። የ1936ቱ ውድድር የሙከራ አልነበረም፤ ቢሆንም ከባለሙያ እንግዳ ጋራ ገጥሞ የተሸነፈ ሁሉ ተዋርዶ እንደማይቀር ያስረዳናል።

የሙከራ ውድድር ውጤት ምን ያህል እንደሚያታልል ደግሞ ከባሕር ማዶ የተደረገው በግልጽ ያሳያል። ከ2005 ዓ.ም. ዠምሮ ለጥቂት ዓመታት፣ የኤውሮፓ ታላላቅ ማኅበሮች የዓመቱን ውድድር ሳይዠምሩ፣ ዓለም አቀፍ የሻምፒዮኖች ዋንጫ በተባለ ውድድር ይገናኙ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ስታዲየም፣ 109,318 ሰዎች እየተመለከቱ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 1 አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላም በማያሚ ሊቨርፑልን 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አዲሱ አሠልጣኝ ሉዊ ቫን ኻል ሦስት ተከላካዮች ብቻ የማሰለፍን ዘዴ ይሞክር ነበርና፣ ዘዴው የሠመረ መሰለ። ነገር ግን ነሐሴ 10 ቀን፣ በፕሪሚየር ሊጉ የመዠመሪያ ጨዋታው፣ ያው ቡድን በገዛ ሜዳው በስዋንሲ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ነሐሴ 20 ቀን ደግሞ በሦስተኛው ደረጃ የሚጫወተው ኤም ኬ ዶንስ በሌላ ውድድር 4 ለ 0 ረታው። ዓመቱንም በአራተኛነት ጨረሰ። በሚሺጋን የተሸነፈው ሪያል ማድሪድ በበኩሉ ነሐሴ 6 ቀን የኤውሮፓን ሱፐር ካፕ ወሰደ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. 22 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ በታኅሣሥም የዓለምን የክለቦች ዋንጫ ተቀበለ።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አይሰወርም። በሙከራ ጨዋታ አሠልጣኙ ተጫዋቾችን እንደ ልቡ ይለዋውጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ከዕረፍት በኋላ የሚገባው ቡድን ፊት ከነበረው ሌላ ይመስላል። ወጣቱ ከአንጋፋው ጋራ ይሰለፋል፤ ከሕመም የተነሣው እግሩን ይፈትናል፤ አዲሱ ዘዴ ጉድለቱን ያሳያል። ስለዚህ በዚያን ቀን ከሚቈጠረው ግብ ይልቅ የተገኘው ዕውቀት ይበልጣል።

ነገሩን ለባለቤቴ ብነግራት እርሷ ይህን ሁሉ ታሪክ አላስፈለጋትም። «ማሟሻው ተቃጠለ ብሎ ሊጡን የሚደፋ ማን አለ?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዚያው ማታ ልጄን ጠርቼ «ያን ቀን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁት። አባት ለልጁ እንዲህ ሲል ክብሩ የሚቀንስ ይመስለዋል፤ ለኔም መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያውስ ቅዳሜ ይመጣሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ቅዳሜ ሄድሁ። ቡድኑ ዳግመኛ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ልጄ በግራ እግሩ ለመምታት ሞክሮ ኳሱን ከሜዳ ውጭ ሲሰደው፣ ወዲያው ዐይኑን ወደ እኔ አነሣ። እኔም አጨበጨብሁለት። ከዚያ በኋላ እጁን ዘርግቶ ኳስ ሲጠይቅ ሰማሁት።

ስለዚህ ልጆቻቸውን ወደ ሜዳ ለሚልኩ ወላጆች ይህን እመክራለሁ።

1ኛ፤ ልጅ ከሙከራ ጨዋታ ሲመለስ ስንት ለስንት እንደ ሆነ ከመጠየቅ አስቀድሞ፣ ምን እንደ ሞከረና ምን እንደ ተማረ መጠየቅ ይገባል።

2ኛ፤ ወቀሳ የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ፣ ጭቃው ከእግሩ ሳይታጠብ በመንገድ ላይ አይሁን። ልጁ ታጥቦና በልቶ ከዐረፈ በኋላ የተነገረው ምክር ይገባዋል፤ በመንገድ የተነገረው ግን ቍጣ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

3ኛ፤ እንግዳ ቡድን ሲያሸንፍ ማጨብጨብ የባለ ሜዳው ጨዋነት ነው። እንግዳ ተቀባይነት በማዕድ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለምና።

4ኛ፤ ሙከራ ነው ተብሎ መለገም ግን አይፈቀድም። ስሕተት ይቅር ይባላል፤ ስንፍና ግን በሙከራ ቀን ከለመደ በዋናው ቀን አይለቅም።

ይህ ምክር ለሜዳ ብቻ የሚሆን አይደለም። በመሥሪያ ቤት አዲስ ጸሐፊ የመዠመሪያ ረቂቁን ሲያቀርብ፣ አለቃው በሰው ፊት ቢያዋርደው፣ ያ ጸሐፊ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው እንዳይወቀስበት ብቻ ይሆናል፤ የራሱን አሳብ ግን አያወጣም። ረቂቅ ረቂቅ የተባለው እንዲታረም ነው፤ ሙከራም እንዲሁ።

እንግዲህ በየዓመቱ ውድድሩ ከመከፈቱ በፊት ቡድኖች ሲፈታተኑ ስናይ፣ በየቤታችን ያሉትን ትናንሾቹን ተጫዋቾች እናስታውስ። ዋናው ጨዋታቸው ገና ከፊታቸው ነው፤ እስከዚያው ድረስ ሳይፈሩ የሚሞክሩበትን ሜዳ ልንጠብቅላቸው ይገባናል።