ኮሶ ወገን አጣ

ክረምት ገብቶ የችግኝ ወሬ ሲደምቅ «ጥድ ይሻላል ኮሶ?» የሚል ሙግት ቢነሳ እኔ ለኮሶ ነው የምቆመው። ጥድን ንቄ አይደለም። የሐበሻ ጥድ ሲመቸው 40 ሜትር ይደርሳል፤ እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው ለአጥርም ለቤትም ቋሚ ሆኖ ኖሯል። አበባ ባያውቅም ጠባቂ አላጣም። በየደብሩ ቅጥር ግቢ ከወይራ ጋር ታፍሮና ተከብሮ ይኖራል። የመናገሻ ሱባ ጥድማ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገርለታል። ከዚህ በላይ ምን ወገን አለ?

የኮሶ ወገን ምሬቱ ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ የሆድ ትሉን ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ገደማ የሴቴዋን ዛፍ አበባ አስወቅጦ፣ አፍንጫውን ይዞ ይጨልጥ ነበር። የዚያን ዕለት ደጁ ይዘጋ ነበር፤ እንግዳ ቢመጣ «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል» ተብሎ ይመለስ ነበር። (አበዳሪም ባለጉዳይም ሲመጣ ሳይጠጡ ጠጣን ያሉ አልጠፉም ብዬ እጠረጥራለሁ።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ በመድኃኒትነት ተልኳል። አገር ሁሉ እየፈለገው ሻጩን ግን ይንቅ ነበር፤ የአፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች ንጉሡን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር።

ከዚያ ኪኒን መጣ። እሰየው ነው፤ ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት የሚደርስ መርዝ ነበር። ዛፉን ግን ጓሮ ውስጥ የሚያቆየው ምክንያት አብሮ ቀረ። መጥረቢያው ግን አልረሳውም፤ ቀላ ያለው እንጨቱ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል።

ባሌ ተራሮች ላይ ያየው ሰው ያውቀዋል፦ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠል ቀላ ያለ ግንድ፣ ከሥሩ ብርማ ጠጉር የለበሰ ቅጠል፣ ቁልቁል የተዘረገፈ የአበባ ዘለላ። የሴቴዋ ወደ ቀይ ያደላል፣ የወንዴው ፈዘዝ ይላል። ጥድም ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ ነገር ግን ሴቴዋ የምታፈራው ጥቁር ሰማያዊ እንክብል ፍሬ ቢመስልም ሥጋው የወፈረ ኮን ነው። ለዓይን ብዙም አይታይም።

እንግዲህ ደጋ ላይ የሚተክል ሁሉ ኮሶን አንድ ለእናቱ አድርጎ አይትከል። ችግኝ ሳለ ወንዴው ከሴቴው ስለማይለይ፣ ዘር እንዲገኝ በርከት አድርጎ አቀራርቦ መትከል ነው፤ ከብት እንዳይበላውም ማጠር። የደብር አለቆችም ከጥዱ ጎን ጥቂት ቦታ ቢሰጡት ደስ ይለኛል።