ግድግዳው ብቻውን ሥዕል አይደለም

ዓይንን ብቻ ሳይሆን ጆሮን፣ አፍንጫንና እግርን ጭምር የሚጠራ፣ ተመልካቹን ከሥራ ፋታ ሰጥቶ ጊዜን ራሱን እንዲያዳምጥ የሚያደርግ ጥበብ በባሕር ማዶ «ኢንስታሌሽን» ይባላል። ኮሪያዊው ናም ጁን ፓይክ በ1974 እ.ኤ.አ. የቡድሃን ሐውልት ከቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ የገዛ ምስሉን እንዲመለከት ማድረጉ በዚህ ረገድ ስሙን አስጠርቶታል። ወጣቱ የባሕር ዳር ሠዓሊ ግን ከሸራው ወጥቶ ድምፅና ሽታ ሲቀላቅል «ፈረንጅ ኮረጀ» ይባላል። ይህ አስተያየት ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱንም ለማየት በጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ መውረድ ይበቃል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለች ወደ ውስጥ ትጠልቃለች። ሥዕሉ የመቅደሱን ግድግዳ ስለሚከብ ማንም ባንድ ስፍራ ቆሞ ሙሉውን ሊያይ አይችልም። መዞር አለበት፤ የሚዞረውም ጫማውን አውልቆ ነው። በክብረ በዓል ሌሊት ደግሞ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ ዕጣኑ፣ ካህናቱ ተደግፈውት የሚያድሩት መቋሚያ ሁሉ ከሥዕሉ ጋር አንድ ይሆናሉ። በጧፍ የታየው ፈረሰኛ ጎሕ ሲቀድ ሌላ መልክ ይይዛል። እርግጥ ነው፣ ዓላማው ጸሎት እንጂ ትርኢት አይደለም፤ ይሁን እንጂ የዓላማው መለየት የአሠራሩን ጥበብ አያስቀርም።

ክርክሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ! በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቆ፣ በምትካቸው ቅጂ አኑሮ፣ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። ቀለሙ ሄደ፤ ከበሮውና ዕጣኑ ግን አልሄዱም። እንዲህ ለማድረግ የሚደፍረው ሥዕል ማለት ጨርቅና ቀለም ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። «ፈረንጅ ኮረጀ» የሚለው የአገር ሐያሲም ሳያውቀው ይህንኑ እምነት ይደግማል፤ ከአባቶች ጥበብ ውስጥ የሚቆጥረው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ብቻ ነውና።

ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2019 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ጭቃን፣ ጭድንና የአትክልት ስፍራን የጥበቡ አካል አድርጓል። ይህን ለማድረግ የውጭ ፈቃድ አላስፈለጋቸውም፤ የባሕር ዳሩ ወጣትም አያስፈልገውም። ማስረጃ ሊጠየቅ የሚገባው በማለዳው ጀልባ ዘጌ ደርሶ፣ መቅደሱን ባንድ ዙር ጨርሶ፣ ለምሳ ከተማ የተመለሰው ሐያሲ ነው።