ልብ ሲሮጥ የኢስት ፖይንት ሰው ወዴት ይሂድ?

በኢስት ፖይንት፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ፣ ቀንም ሌሊትም ድንገተኛ ሕመምተኛ የሚቀበል ሆስፒታል ነበር። የቆዩ ነዋሪዎች ሳውዝ ፉልተን ይሉታል፤ በመጨረሻ ስሙ አትላንታ ሜዲካል ሴንተር ሳውዝ ነበር። ያስተዳድረው የነበረው ዌልስታር እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ድንገተኛ ክፍሉንና የሕሙማን አልጋዎቹን ዘጋ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በኖቬምበር 1፣ መሐል ከተማ የነበረውን ትልቁን አትላንታ ሜዲካል ሴንተርንም ዘጋው። የተሰጠው ምክንያት ኪሳራ ነው። የከሰረው ማን እንደሆነ ግን የሚታወቀው ሌሊት ልቡ እየደለቀ የተነሣ ሰው ቤት ነው።

እንበል፣ አንዲት የኤርፖርት ሠራተኛ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ ቡና አፈላች። አቦሉን ጠጥታ ቶናው ሳይደርስ ልቧ ድንገት መሮጥ ጀመረ፤ በደቂቃ 180 ጊዜ ይመታል። ትርታው አንገቷ ላይ ሳይቀር ይታያል። ባለቤቷ «ድካም ነው፣ ጋደም በይ» ይላታል። ጎረቤቷ መጥታ ጤና አዳም ታሸታታለች። አንዱ ዘመድ ደግሞ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ የደም ግፊት ክኒን ያቀብላል። ሁሉም በፍቅር ነው። ሁሉም ግን ጊዜ ይበላል፤ የክኒኑ ነገር እንዲያውም ከጊዜም በላይ ሊበላ ይችላል።

ለዚህ ዓይነቱ ሩጫ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መድኃኒት አዴኖሲን ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው የኤሌክትሪክ መልእክት መንገድ ስቶ ክብ ሲዞር፣ አዴኖሲን መተላለፊያውን ለጥቂት ሴኮንድ ዘግቶ ዙሩን ይሰብረዋል። ደም ውስጥ ገብቶ ግማሹ ለመጥፋት 10 ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። ስለዚህ በክኒን አይዋጥም፣ ቀስ ብሎም አይንጠባጠብም። 6 ሚሊግራሙ በክንድ ደም ሥር በአንድ ግፊት ይገባና የጨው ውኃ ወዲያው ይከተለዋል፤ ካልሠራ በ12 ሚሊግራም ይደገማል። በዚያች አፍታ ደረት ይጨመቃል፣ ፊት ይግላል፣ ሰውየው «ሞትኩ» ይላል። ማሽኑም ላይ ልቡ ለጥቂት ሴኮንድ ቆሞ ይታያል። ከዚያ ይመለሳል። ይህ እንደሚመጣ ቀድሞ በሚያውቀው ቋንቋ ያልተነገረው ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም።

የቡናው ነገርም ቀልድ አይደለም። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አንጎልንም ሰውነትንም የሚያነቃው አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በፊት ሦስት ስኒ የጠጣ ሰው የመጀመሪያው መርፌ ሊሰንፍበት ይችላል። ሐኪሙ «ቡና ጠጥተሻል?» ብሎ ሲጠይቅ ነገር ፍለጋ አይደለም። ስንት ስኒ፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ሳያፍሩ መናገር ነው። አስም ያለበትም እንዲሁ ይናገር።

መርፌው ሳይወጣ የሚሞከር ዘዴም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ እንግሊዝ አገር በ428 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕመምተኛው 15 ሴኮንድ ካማጠ በኋላ ወዲያው ተንጋሎ እግሩ ከፍ ሲደረግ፣ ከመቶ 43ቱ ልባቸው ተስተካክሏል። በተለመደው መንገድ ተቀምጠው ያማጡት ግን 17 ብቻ ናቸው። ይህን ማዘዝ ያለበት ምቱን በማሽን ያየ ባለሙያ ነው።

ምክንያቱም ሩጫ ሁሉ አንድ አይደለም። በተፈጥሮ ልባቸው ውስጥ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ያላቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ የተዘበራረቀ ምት ሲይዛቸው ለሌላው የሚጠቅመው ቬራፓሚል ሊገድላቸው ይችላል። ለከባዱ መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን ደግሞ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ አዮዲን ነው። እንቅርት ከበዛበት አገር የመጣ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ እንቅርት ያለበት፣ ወይም በእንቅርት የታከመ፣ ለሐኪሙ ይንገር። በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም እየተመላለሰበት የልቡ በር የጠበበም ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ይህን የሚያውቀው ልቡ ሲዘበራረቅ ነው። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያሳየው ኢኬጂ የሚባለው ወረቀት ነው። ወረቀቱ፣ መርፌውና አጠገብ የሚቆመው ነርስ ያሉት አምቡላንስ ውስጥና ድንገተኛ ክፍል ነው።

የኢስት ፖይንት ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ሆስፒታሉ ከተዘጋ ወዲህ መንገዱ ወይ ወደ ግሬዲ፣ ወይ ወደ ኤሞሪ ሚድታውን፣ ወይ በስተደቡብ ወደ ሪቨርዴል ነው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አይ-85ን የሚያውቅ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የፉልተን ካውንቲ መሪዎችና ኤንኤኤሲፒ ስለ መዘጋቱ ለፌዴራል መንግሥት አቤቱታ አቅርበዋል። ግሬዲም በደቡብ ፉልተን ለብቻው የሚቆም ድንገተኛ ክፍል የመሥራት ዕቅድ ይፋ አድርጎ ነበር። ዕቅድ ግን አዴኖሲን አይሰጥም።

እስከዚያው መታወቅ ያለበት አለ። የማይቆም ሩጫ፣ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከመውደቅ ጋር ሲመጣ 911 መደወል እንጂ ራስን ነድቶ መሄድ አይገባም። «ኢንሹራንስ የለኝም» ብሎ ቤት መተኛትም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሜዲኬርን የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ሕመምተኛን ገንዘብ ሳይጠይቅ መርምሮ እንዲያረጋጋ ያስገድዳል። ሒሳቡ በኋላ በፖስታ ይመጣል፤ እሱን ቁጭ ብሎ መከራከር ይቻላል። አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ይጠየቃል። የዐሥር ዓመት ልጅ እናቱ «ሞትኩ» ያለችውን ለሐኪም እንዲተረጉም ማድረግ በልጁም በእናቱም ላይ ግፍ ነው።

ሐበሻ ለቀብር መሰባሰብ ይችልበታል። ዕድሩ በአንድ ምሽት ስልክ ደውሎ አስከሬን አገር ቤት ያደርሳል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ያው ስልክ፣ ያው ኮሚቴ ለሕያዋን አንድ ምሽት ቢተርፈው ምን ነበረበት? የኢስት ፖይንት ከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ለነዋሪም የመናገሪያ ጊዜ ይሰጣል። ሃያ ሰው ሄዶ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልቡ የሚሮጥ የዚህ ከተማ ሰው፣ ስልክ ከደወለበት ደቂቃ አንሥቶ ያ 6 ሚሊግራም ክንዱ ውስጥ እስኪገባ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መልሱም በጽሑፍ ይሰጥ።