አመልካቹን ማወቅ አድልዎ አይደለም

ቅጥር ላይ ከሚሠሩ ሰዎች አፍ የማይጠፋ አንድ ምክር አለ፦ «ከአመልካች ጋር አትቀራረብ፤ ከተቀራረብክ አድልዎ ይመጣል።» ሲሰሙት ንጹሕ ነው። ዝምድናና ጉቦ ስንቱን እንዳስመረሩ ስለምናውቅ፣ ከአመልካቹ የራቀ ሁሉ ፍትሐዊ ይመስለናል። እኔ ግን ቅጥራችንን ከጎዱት እምነቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው እላለሁ፤ ግዴለሽነትን ሐቀኝነት ያስመስለዋልና።

ርቀቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ማስታወቂያው ላይ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። አመልካቹ ከጀሞ ወይም ከየካ አባዶ ታክሲ እየቀያየረ ይመጣል፤ የትምህርት ማስረጃውን ኦሪጅናልና ኮፒ ይዞ ይሰለፋል፤ ወረቀቱን የተቀበለችው ሠራተኛ «እንደውላለን» ትለዋለች። አይደወልም። በምን እንደወደቀ የሚነግረው የለም። ዘመድ ያለው ግን ደመወዙን፣ የፈተናውን ዓይነት፣ ኃላፊው ምን እንደሚፈልግ ገና ማመልከቻ ሳያስገባ በስልክ ሰምቶ ጨርሷል። ርቀቱ የሚጸናው ዘመድ በሌለው ላይ ብቻ ነው።

ሌላው መከራከሪያ «ሥራ ፈላጊ ሞልቷል፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ይመጣል» የሚለው ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው መልስ እዚሁ አዲስ አበባ ተገኝቷል። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ኢስቴባን ኦርቲዝ ኦስፒና የተባሉ ተመራማሪዎች ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፋፍለው፣ ለአንዳንዶቹ ማመልከቻቸውን ካጠናቀቁ አነስተኛ ገንዘብ እንደሚከፈላቸው አስታወቁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 «አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው» ላይ ታትሟል። ብዙ ቀጣሪ «እንዲህ ከሆነማ ለገንዘቡ ሲል የማይረባው ሁሉ ይጎርፋል» ማለቱ አይቀርም። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ይበልጥ ችሎታ ያላቸው አመልካቾች መጡ።

ለምን? ማመልከት ራሱ ውድ ስለሆነ ነው። መጓጓዣው፣ ኮፒው፣ የሚባክነው ቀን፣ ሁሉም ወጪ ነው። ጎበዝ ሆኖ ይህን ወጪ የሚችለው ቶሎ ሥራ ይዞ ከሰልፉ ይወጣል። ጎበዝ ሆኖ ገና ሥራ ያላገኘው ታዲያ ብዙውን ጊዜ ወጪው የከበደበት ነው። ቀጣሪው «ሞልቷል» እያለ በሚያየው ሰልፍ ውስጥ ይህ ሰው የለም፤ ቤቱ ቀርቷል። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፦ የአገር ውስጥ ቀጣሪዎች እንዲህ ያለው ክፍያ የሚያስገኘውን ጥቅም ሲገምቱ አሳንሰው ነው የገመቱት። ዕለት ተዕለት አመልካች የሚያዩ ሰዎች አመልካቹን አያውቁትም ማለት ነው።

ጥናቱ የለካው ገንዘብን ነው። ወጪውን የሚያቀልለው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ደመወዙን ቀድሞ መንገር፣ ፈተናው በምን ላይ እንደሆነና መቼ እንደሚሰጥ ማሳወቅ፣ ሰው ተመላልሶ እንዳይጉላላ በስልክ መመለስ ያንኑ ሸክም ያነሣሉ። ከአመልካች ጋር መቀራረብ ስል ይህንን ማለቴ ነው እንጂ ቡና መጋበዝ አይደለም። ሁለተኛ የወጣችውን ልጅ ስም መዝግቦ ይዞ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ሲከፈት «አስታውሰንሻል፤ አሁንም ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መደወል ነው። ያ ጥሪ የደረሳት ሰው ያንን መሥሪያ ቤት በቀላሉ ትታ አትሄድም።

«ለሺህ አመልካች ማን ይደውላል?» ይሉኛል። ማንም አይደውልም። ለሺሁ አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል፤ ለቃለ መጠይቅ ቀርበው ለወደቁት ጥቂቶች ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ። ዝምድናን የምትፈሩም ብትሆኑ፣ ዘመድ በስውር የሚያቀብለውን መረጃ ለሁሉም እኩል ከመስጠት የበለጠ ዝምድናን የሚያደክም ነገር ንገሩኝ።

በቅጥር ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ከሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ላይ «በስምምነት» የሚለውን አውጡና የደመወዙን ልክ ጻፉበት። ያላለፉትንም አላለፋችሁም በሏቸው፤ ምክንያቱን ጨምራችሁ።