ፏፏቴውም የሥራ ሰዓት ይኑረው

አንድ ሱቅ በሩ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ያልታወቀ እንደ ሆነ፣ ዕቃው የቱን ያህል ያማረ ቢሆን ደንበኛው ሁለት ጊዜ ተመላልሶ በሦስተኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ማምራቱ አይቀርም። ይህን ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሆኖም ከኢትዮጵያ ታላላቅ የተፈጥሮ ሀብቶች አንዱ የሆነው የጢስ ዐባይ ፏፏቴ የሚገኘው በዚሁ ሁኔታ ላይ ነው። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ፣ ከገደሉ አፋፍ ሲደርስ የሚጠብቀው ጢሱ ሰማይ የሚነካ ታላቅ ውኃ ይሁን ወይም በጥቁር ድንጋይ ላይ የሚወርድ ቀጭን ጅረት ይሁን፣ አስቀድሞ በእርግጠኛነት አውቆ ለመነሣት አይችልም።

ከተማም እንደ ሰው የራሱ ጠባይና መልክ አለው። ጎንደር በግንቦቿ፣ ሐረር በጀጎል፣ ድሬ ዳዋ በባቡር ጣቢያዋ እንደምትታወቅ ሁሉ ባሕር ዳር የምትታወቀው በውኃዋ ነው። በስተ ሰሜን ጣና ተንጣሎላታል፤ ዐባይም ከሐይቁ እንደ ወጣ ከተማዪቱን ከፍሎ ያልፋል። ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆኖ ለተመለከተ ሰው፣ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶቿ፣ ሐይቁና ወንዙ ባንድ ዓይን ይታያሉ። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዐባይ ድልድይም ለዚህ መልክ አንድ ነገር ጨምሮለታል፤ ድልድይ ያለ ወንዝ ትርጕም የለውምና።

ነገር ግን ባሕር ዳርን ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለሥራም ከተማ ያደረጋት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚወርደው ፏፏቴ መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም ከተማዪቱ ገና ትንሽ ነበረች። በ1956 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዐባይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ኀይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ ሲያዩት እጅግ አነስተኛ ቢመስልም የፋብሪካውን መዘውር ያዞረው፣ የከተማዪቱንም ቤቶች ያበራው እርሱ ነው። የጥጥ ነጋዴው፣ የክር አስመጪው፣ ለሠራተኛው ዳቦና ስኳር የሚሸጠው ባለሱቅ፣ ሁሉም ተከትለው መጡ። ዐባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው ተረት በባሕር ዳር ዘንድ ብዙም አይሠራም፤ እዚህስ ውሎ ሠርቶ ደመወዙን ለከተማዪቱ ትቶ አልፏል።

ከዚያ ወዲህ የመብራት ፍላጎት እያደገ ሄደ። በ1988 ዓ.ም. ሐይቁ ከሚፈስበት ከጫራ ጫራ ላይ ውኃውን የሚቈጣጠር ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዐባይ ጣቢያ ከፏፏቴው በላይ ውኃውን ወደ ቦዩ እየሳበ ከፏፏቴው በታች መመለስ ጀመረ። ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የበለስ ጣቢያ ተመርቆ፣ ከጣና የሚወጣው ውኃ ብዙው በዋሻ ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ዞረ። በዚህ ማንም ሊወቀስ አይገባም። ማቀዝቀዣ አስመጥቶ መብራት ሲጠፋበት ሥጋው የተበላሸበት ነጋዴ የኤሌክትሪክን ጥቅም ከማንም ይልቅ ያውቃል። ይሁን እንጂ ሒሳቡ ከአንድ ወገን ብቻ ተሠርቷል። ለመብራቱ የገባው ውኃ በሜጋ ዋት ሲለካ፣ ከገደሉ ላይ የቀረው ውኃ ግን በምን እንደሚለካ በመዝገቡ ላይ ስፍራ አልተሰጠውም።

በክረምት ማብቂያ ላይ ፏፏቴው እስከ 400 ሜትር ተንጣሎ፣ ወደ 45 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ሲወድቅ ያየው ሰው ምስክር አያሻውም። ሥዕሉ በ1969 ዓ.ም. ከወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበረ፤ ኖቱ በሳንቲም እስከ ተተካበት ጊዜ ድረስ በያንዳንዱ ባለሱቅ መሳቢያ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደ ገባ መገመት ይቻላል። ሥዕሉ በክረምትም በበጋም ያው ነበር። ውኃው ግን ከበጋው መግባት ጋራ ይቀጥናል፤ የበጋው ወራት ደግሞ መንገዱ የሚደርቅበት፣ ገናና ጥምቀት የሚከበሩበት፣ እንግዳም ከውጭ አገር በብዛት የሚመጣበት ወራት ነው። ዕቃው ጎተራ የሚገባው ገበያው ሲደራ ነው ማለት ነው።

እንግዳን ማስተናገድ ንግድ አይደለም የሚል ሰው ካለ፣ ይኸው እንግዳ አዲስ አበባ ከአውሮፕላን ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ይከተል። የሆቴሉ ባለቤት፣ የመኪና አከራዩ፣ መንገድ መሪው፣ ወንዙን በጀልባ የሚያሻግረው፣ ነጠላና ጋቢ በትከሻዋ ደርድራ የምትሸጠው ሴት፣ ቡና አፍልታ የምታቀርበው፣ ሁሉም ከእርሱ ይቀበላሉ። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ማጠብና ማበጠር፣ ጆንያ መግዛት፣ እስከ ጅቡቲ ማጓጓዝ፣ የመርከብም ኪራይ መክፈል አለበት። የፏፏቴው ገዢ ግን በራሱ ወጪ መጥቶ፣ ዕቃውን በስፍራው ትቶ፣ የውጭ ምንዛሪውን ከፍሎ ይመለሳል። አስመጪዎች ለባንክ ፈቃድ ስንት ወር ወረፋ ጠብቀው እንደነበር የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ነገር አቃልሎ አያየውም። እርግጥ ነው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ጐብኚውን አርቆታል፤ ሰላም ያልዋለበት ስፍራ ፏፏቴው ቢሞላም ባይሞላም ያው ነው። ነገር ግን ሱቅ የሚታደሰው ገበያተኛው በር ላይ ከቆመ በኋላ አይደለም።

ይህ ጥያቄ በዓለም ላይ አዲስ ባለመሆኑ፣ በአሜሪካና በካናዳ ወሰን ላይ ያለውን የናያጋራን ፏፏቴ ጉዳይ ማንሣት ይጠቅማል። እዚያ በመጀመሪያ የበደለው ነጋዴው ራሱ ነበረ። ባለወፍጮውና ባለፋብሪካው ዳርቻውን ሁሉ ይዘው፣ አንዳንዶቹም አጥር አጥረው፣ በአጥሩ ቀዳዳ ፏፏቴውን ለማየት ለሚፈልግ ሰው ዋጋ እስከ ማስከፈል ደርሰው ነበር። የኒው ዮርክ መንግሥት በ1885 (ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) መሬቱን ገዝቶ ለሕዝብ ከፈተው። በሐይቅና በወንዝ ዳር ቦታ ያላቸው የባሕር ዳር ባለሆቴሎች ይህን ታሪክ ቢያነቡት ጉዳት የለውም። ከዚያም በ1895 ታላቁ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቶ፣ በተከታዩ ዓመት ኀይሉ ወደ ቡፋሎ ከተማ ተላከ፤ ፋብሪካዎችም በዙሪያው በረከቱ። ውኃው ለመብራት እየተሳበ በሄደ መጠን ፏፏቴው መሳሳቱ ስላሳሰበ፣ ሁለቱ መንግሥታት በ1950 ውል ተፈራረሙ።

ውሉ እንደ ደኅና የንግድ ውል ቍጥርና ሰዓት ያለው ነው። ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ ኦክቶበር 31 ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ በፏፏቴው ላይ የሚወርደው ውኃ በሰከንድ ከ100,000 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለት ከ2,832 ሜትር ኩብ ሊያንስ አይችልም። በሌሊትና በክረምቱ ጊዜ ግን ግማሹ ይበቃል፤ የተረፈውን ማመንጫዎቹ ይወስዱታል። ቀን ለተመልካች፣ ሌሊት ለመዘውር ሆነ። ሁለት ነጻ መንግሥታት በሁለት ዳርቻ ቆመው ሊስማሙበት የቻሉትን ነገር፣ ወንዙም ፏፏቴውም ማመንጫውም በአንድ መንግሥት ሥር በሆነበት አገር ማድረግ እንዴት ይቸግራል?

ዐባይ በበጋ የናያጋራን ያህል ውኃ እንደሌለው የታወቀ ስለ ሆነ፣ ልኩ ሌላ መሆን አለበት። በበለስ በኩል የሚያልፈው ውኃ መብራት ከሰጠ በኋላ በቆላው ለመስኖ እንደሚፈለግም አይካድም። ነገር ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በዚህ ቍጥር አጠገብ የበለስ 460 ሲቀመጥ፣ ጥቂት የተወሰኑ ሰዓቶች ቢቀነሱለት አገሪቱ ጨለማ ይወርድባታል ለማለት አያስደፍርም። ከዚህም በላይ የበለስ ወንዝ ከዐባይ የሚገናኘው ከግድቡ በላይ ስለ ሆነ፣ ውኃው በበለስ ቢወርድም በጢስ ዐባይ ቢወርድም መድረሻው ያው የሕዳሴው ሐይቅ ነው። በመንገድ ላይ አንድ ሥራ ቢቀርበት፣ ሌላ ሥራ ሠርቶ ያልፋል።

እንግዲህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ቅዳሜና እሑድ፣ በገናም፣ በጥምቀትም፣ በፋሲካም ሰሞን፣ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ ለፏፏቴው የተወሰነ ውኃ ይለቀቅ። መጠኑን መሐንዲሶች ይቍረጡት፤ ቀኑና ሰዓቱ ግን በያመቱ አስቀድሞ ይታወቅ፤ በታወጀበትም ቀን አይዛነፍ። ለዚህ የሚቀነሰው የኤሌክትሪክ ዋጋ ተሰልቶ ከመግቢያው ቲኬት ላይ ጥቂት ቢጨመር፣ ውኃ ማየቱን የተረጋገጠ እንግዳ ልዩነቱን ሳያጕረመርም ይከፍላል። የባሕር ዳር ነጋዴዎች፣ ባለሆቴሎችና ባለመኪናዎችም በአንድነት ሆነው ጥያቄውን በጽሑፍ ቢያቀርቡና ከወጪው ድርሻቸውን ለመቻል ቢፈቅዱ፣ ነገሩ ከልመና ወደ ውል ይሸጋገራል።

ማስታወቂያውን ለማሰራጨትም አዲስ ወጪ አያስፈልግም። ነጋዴዎች በየዘመን መለወጫው ስማቸውንና የስልክ ቍጥራቸውን አሳትመው ለደንበኞቻቸው የሚያድሉት የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ አለ። ፏፏቴው የሚሞላባቸው ቀኖች በዚያው ላይ በቀይ ቀለም ቢታተሙ፣ በመርካቶ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት ለባለሱቁም ለእንግዳውም መቼ ወደ ባሕር ዳር መሳፈር እንደሚገባ ይነግራቸዋል።