ደሙ ተመረመረ፣ ሰውየውስ?

አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም የሚለግስ ሰው፣ ከኤልሳልቫዶር ይምጣ ከደብረ ብርሃን፣ ደሙ ለቻጋስ በሽታ ይመረመራል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ሐበሻም፣ ጎረቤቱ ሳልቫዶራዊም እኩል ናቸው። "ቻጋስ ደግሞ ምንድን ነው?" ማለታችሁ አይቀርም። እኛ አገር የለም። ዘመዱ ግን አለ፤ ቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈውና በሬዎቻችንን የሚጨርሰው ገንዲ ከዚሁ የተህዋስ ቤተሰብ ነው። የላቲን አሜሪካውን ሐኪሙ ካርሎስ ቻጋስ እ.ኤ.አ. በ1909 ብራዚል ውስጥ አገኘው፤ ስሙንም ከእሱ ወሰደ። የሚያስተላልፈው ትኋን የሚመስል፣ ሌሊት ሌሊት ከጭቃ ቤት ግድግዳ ስንጥቅ እየወጣ ደም የሚመጥ ነፍሳት ነው። ድሃ ቤት ይወዳል ማለት ነው።

ክፋቱ ዝምታው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ተህዋሱን በደማቸው ይዘው እንደሚኖሩ ይገምታል፤ አብዛኞቹ አያውቁትም። ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለአሥርት ዓመታት ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ፤ ከዚያ እስከ ሲሶ የሚደርሱት ልባቸው መታመም ይጀምራል። እንግዲህ "ጤነኛ ነኝ፣ ሰው ልርዳ" ብሎ እጁን ለመርፌ የሚዘረጋው ይኼ ሰው ሊሆን ይችላል።

ብራዚሎች ምርመራው ሳይስፋፋ በፊት የዘየዱት ዘዴ ይገርማል። ልጅ ሆነን አፋችን ሲቆስል የሚቀቡን ያ ሐምራዊ መድኃኒት፣ ጀንሺያን ቫዮሌት፣ ትዝ ይላችኋል? ከ1950ዎቹ ጀምሮ እሱን ደሙ ውስጥ ጨምረው ለ24 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት ነበር። ተህዋሱ ይሞታል። ደሙን የወሰደው በሽተኛ ግን ቆዳው ለጊዜው ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል! በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ደም ይሸጥ ነበር። ደሙን የሚሸጠው ደግሞ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ያው ከጭቃ ቤት ወጥቶ ከተማ የገባው ችግረኛ ነው።

እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች እዚህ ጋ የሪቻርድ ቲትመስን ክርክር ማንሳት እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ደም ሲሸጥ ሻጩ ሕመሙን የሚደብቅበት ምክንያት ያገኛል፣ በነጻ የሚለግስ ግን የሚዋሽበት ምክንያት የለውም አለ። ኬኔት አሮው ደግሞ ገበያ መኖሩ በጎነትን ለምን ያጠፋል ብሎ ሞገተው። ጥሩ ክርክር ነው። ቻጋስ ግን ሁለቱንም ጥሏቸው ይሄዳል፤ ሰውየው ሳያውቅ ምኑን ይደብቃል? ብራዚል በ1988 ሕገ መንግሥቷ የደምና የአካል ንግድን ከልክላለች፣ ደግ አደረገች። አለማወቅን የሚያጣራው ግን ምርመራ ብቻ ነው።

አሜሪካ ወደዚህ የመጣችው ዘግይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከአንድ ሟች ለጋሽ አካል የተተከለላቸው ሦስት ሰዎች በቻጋስ ተያዙ። የደም ምርመራው በስፋት የተጀመረው ግን በጥር 2007 መጨረሻ ነው። ከዚያ ቀደም በካሊፎርኒያና በአሪዞና በተደረገው ሙከራ ወደ 149 ሺህ የሚጠጋ የደም ናሙና ታይቶ 32ቱ ላይ ተረጋገጠ። "ለ32 ሰው ይኼ ሁሉ ወጪ?" የሚል አይጠፋም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱም ብልህ ነበር። በሽታው አሜሪካ ውስጥ እንደ አዲስ የሚይዘው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ለጋሽ አንዴ ተመርምሮ ነጻ ከሆነ በየልገሳው መድገም አያስፈልግም ተባለ። የ2010 መመሪያ ይኼው ነው። ወጪው በአንድ ጊዜ ወረደ።

እኔን የሚያናድደኝ ስሌቱ ያላስገባው ሰው ነው። 32ቱ እነማን ናቸው? የእያንዳንዳቸው ደም ተጣለ፣ ተቀባዩ ዳነ፣ ሒሳቡ ተዘጋ። ለጋሹ ግን ቤቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ደምህን መጠቀም አንችልም፣ ሐኪም አማክር። የትኛውን ሐኪም? በትምህርት ቤት አንድ ገጽ አንብቦ ያለፈውን? ኢንሹራንስ ከሌለውስ? ቤንዝኒዳዞል የተባለው መድኃኒት እንኳን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው በ2017 ነው፣ ያውም ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ሕፃናት፤ አዋቂው የሚያገኘው ሐኪሙ በራሱ ውሳኔ ካዘዘለት ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዶክተር ሺባ ሜይማንዲ ከ2007 ጀምረው የሚመሩት ማዕከል አለ። ሚዛኑን ግን እዩት፤ አገሪቱ ውስጥ በሽታው ያለባቸው ወደ 300 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል።

ትልቁ ወጪ እኮ ሰውየውን ማግኘት ነበር። እሱ ደግሞ ተከፍሏል! አንድ ለጋሽ ሲገኝ አብረውት እዚያው ቤት ያደጉት ወንድምና እህቶቹ፣ እናቱም አብረው ተገኙ ማለት ነው። ለጋሿ ሴት ከሆነች ልጆቿ አሉ፤ በሽታው ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል፣ ሕፃኑ እንደተወለደ ቶሎ ከታከመ ደግሞ የመዳን ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው። ይህን ክር ሳይከተሉ ደሙን ብቻ መጣል ብክነት ነው፤ ለልብ ድካም ሕክምና የሚወጣው ኋላ ይመጣል።

ምርመራ ማለት መጣል እንዳልሆነ አካል ንቅለ ተከላ ላይ የሚሠሩት ቀድመው ገብቷቸዋል። ቻጋስ የተገኘበት ሟች ልቡ አይወሰድም። ኩላሊቱና ጉበቱ ግን ተቀባዩ አውቆ ከተስማማ ሊተከሉ ይችላሉ፤ ከዚያ የተቀባዩ ደም በየጊዜው ይታያል፣ ተህዋሱ ብቅ ካለ ወዲያው ይታከማል። ተቀባዩን እንዲህ የሚከታተል ሥርዓት ለጋሹን ለመከታተል ምን ያንሰዋል?

ጥያቄው ለእኛም ይሆናል። እዚህ የሚለገሰው ደም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ ደም የሰጠ የ20 ዓመት ልጅ ደሙ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ቢገኝ፣ ማን ይደውልለታል? ስልክ ቀይሮ ቢሆንስ? የክትትሉንስ ማን ይከፍልለታል? የምርመራ ኪት በጀት ሲያዝ ከጎኑ የአንድ ነርስ ደመወዝና የስልክ ካርድ ይጨመርበት፤ ሥራዋ ውጤቱ የተገኘበትን ሰው ፈልጋ ሕክምና እስኪጀምር መከታተል ብቻ ይሁን።