ልብ ሲደክም

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት በኋላ አንዲት እናት ወደ ጥቁር ሰሌዳው ቀረቡ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። የ14 ዓመት ልጃቸው ዳገት መውጣት አቅቶት ነበር። ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ያድራል። እግሩ ያብጣል። ጎረቤት «ውኃ ዳር ለክፎት ነው» ብሎ ነበር። ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላከው። «የልብ ድካም ነው» ተባሉ።

«ልብ እንደ በሬ ይደክማል እንዴ?» አሉኝ።

አዎ፣ ይደክማል። ልብ ጡንቻ ነው። መጠኑ የባለቤቱን ጭብጥ ያክላል። ሥራው ደም መርጨት ነው። የአዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ እንኳ በ1 ደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ትንሿን የዘይት ጀሪካን አስቡ።

ልብ 4 ክፍሎችና 4 በሮች አሉት። በሮቹን ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከፈታሉ። ደም ያልፋል፤ በሩ ይዘጋል፤ ደሙ አይመለስም። የዚህ ልጅ አንዱ በር ግን አይገጥምም። ልብ ደሙን ሲገፋ ከፊሉ ይመለሳል። በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ልብ መጀመሪያ በርትቶ ይሠራል። ይሰፋል፤ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ለዓመታት ሊችለው ይችላል። በኋላ ግን ይዝላል።

ታዲያ ወደ ፊት ያልሄደ ደም የት ይገባል? ቦይ ሲደፈን ውኃው ከኋላ እንደሚተኛ፣ ደሙም ከኋላ ይጠራቀማል። በግራ በኩል ሲሆን ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። ልጁ ጋደም ሲል የሚታፈነው ለዚህ ነው። በቀኝ በኩል ሲሆን እግርና ሆድ ያብጣሉ። ያበጠውን እግር በጣት ጫን አድርጋችሁ ብትለቁት ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም።

እኔን የሚገርመኝ የኩላሊት ነገር ነው። የሚደርሰው ደም ሲያንስ ሰውነት ውኃ ያነሰው ይመስለዋል። ጨውና ውኃ ይዞ ያስቀራል። ለደከመ ልብ ሌላ ሸክም! ስለዚህ ሐኪሙ የሚያሸና መድኃኒት ይሰጣል፤ ጨው ቀንሱ ይላል። እኚህ እናት የልጃቸውን ወጥ አልጫ አድርገው ሲያቀርቡ የጨከኑ ይመስላቸው ነበር።

በሩን ምን አበላሸው? በአገራችን ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከጉሮሮ ይጀምራል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ጀርም ጉሮሮን ያቆስላል። ሰውነት ጀርሙን ሊወጋ ይነሣና ተሳስቶ ራሱን ይወጋል። ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይመጣል፤ ሕመሙም ከጉልበት ወደ ክርን ይዘዋወራል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ጉልበቱ ይድናል፤ የልብ በር ላይ ግን ጠባሳ ሊቀር ይችላል። በተመላለሰ ቁጥር ይብሳል።

ልጁ ጉሮሮውን በታመመ ጊዜ እንጥሉን ተቆርጦ ነበር። እንጥል መቁረጥ ጀርሙን አይገድልም፤ ያደማል እንጂ። ጀርሙን የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው። እናትየው ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

አሁን ልጁ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። መርፌው የተበላሸውን በር አይጠግንም። አዲስ ጉዳት እንዳይጨመር ይከላከላል። ደህና ሆንኩ ተብሎ አይቋረጥም። እናትየው የመርፌውን ቀን በገዛ እጃቸው በደብተራቸው ጽፈዋል። «አርብ በ‹አ› ነው ወይስ በ‹ዓ›?» ብለው ጠየቁኝ። በሁለቱም ይነበባል አልኳቸው።